«ጌት» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል እንዴት እንፍታው? ቀኝ ቀኙን የማየት ዘዴ

አሜሪካ በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ሳህን አጣቢ ሆኜ ተቀጠርኩ። ቅዳሜ ማታ ነው፤ ቤቱ ግጥም ብሏል። ኃላፊዋ በሁለት እጇ ትሪ ይዛ በኩሽናው በር ስታልፍ ግድግዳው ላይ ያለው ስልክ ጮኸ። ዞር ብላ «ካን ዩ ጌት ዛት?» አለችኝ።

እኔ አገር ቤት በተማርኩት መሠረት «ጌት» ማለት ማግኘት ነው። ምን ጠፋባትና ነው የማገኝላት? ወለሉን አየሁ፣ መደርደሪያውን አየሁ፣ የሳህን ክምሩን ሳይቀር ከፍ አድርጌ አየሁ። ስልኩ ጮኾ ጮኾ ዝም አለ። ያን ማታ የሰጠችኝ አስተያየት እስከ ዛሬ አይረሳኝም። ለካ «ስልኩን አንሣው» ማለቷ ነበር።

አሁን አዲስ ለሚመጡ ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ እንግሊዝኛ አስጠናለሁ። ሁሉም የሚሰናከሉት በከባዱ ቃል አይደለም። ከባዱን ቃል መዝገበ ቃላት ያወጣዋል። የሚጥላቸው እንዲህ ያለው ትንሽ ቃል ነው። ስለዚህ እኔ የምጠቀምበትን ዘዴ እንደ አሠራሩ ቅደም ተከተል ልጻፈው። ደብተርና እስክሪብቶ ያዙ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ላጥራ። በፊደላችን ሲጻፍ ይህ «ጌት» እና የኤርፖርቱ «ጌት» አንድ ይመስላሉ። የኤርፖርቱ ረዘም ብሎ ወደ «ጌይት» ይጠጋል። የእኛው ቁርጥ ያለ ነው። እስራኤል ያላችሁ ደግሞ ሦስተኛ ጌት ታውቃላችሁ፤ በአይሁድ ሕግ ባል ለሚስቱ የሚሰጠው የፍቺ ጽሑፍ። ከታች ስለ ጋብቻ ስናወራ እንዳይምታታባችሁ።

1. «ማግኘት»ን ለጊዜው ከደብተራችሁ ሰርዙት

ትርጉሙ ስህተት ሆኖ አይደለም። ከብዙዎቹ አንዱ ስለሆነና ሌሎቹን ስለሚጋርድ ነው።

በእንግሊዞቹ ላይ ከመፍረዳችን በፊት ግን የራሳችንን ጉድ እንይ። አማርኛ የሚማር ፈረንጅ «ገባ» ማለት ወደ ውስጥ መሄድ ነው ብሎ ያጠናል። ከዚያ ክረምት ገባ ይባላል። ነገሩ ገባኝ ይባላል። ዕዳ ገባ፣ ቃል ገባ፣ ደሞዝ ገባ፣ ሥጋት ገባው ይባላል። ምስኪኑ ሰውዬ የቱ በር ተከፍቶ ማን እንደገባ ሊገለጥለት አይችልም። እኛ ግን አንደናገርም። ለምን? «ገባ»ን ብቻውን ስለማንሰማው ነው። «ዕዳ» ሲል ሰምተናል፣ «ክረምት» ሲል ሰምተናል። ጎረቤቱ ቃል ትርጉሙን ይነግረናል።

«ጌት»ም እንደዚያው ነው። ልዩነቱ በአማርኛ ጎረቤቱ ከፊት ይመጣል፣ በእንግሊዝኛ ከኋላ ይከተላል። ስለዚህ «ጌት» ስትሰሙ አትፍረዱ። ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል ጠብቁ።

ከጎረቤቱ ብዛት ትርጉሙ የሚበዛ ቃል ደግሞ «ጌት» ብቻ አይደለም። በኦክስፎርዱ ትልቁ መዝገበ ቃላት «ራን» (ሮጠ) የሚለው ግስ ብቻውን 645 ትርጉም ተቆጥሮለታል። ይህን ያህል በቃሉ የያዘ እንግሊዛዊ የለም። እናንተም አትሞክሩት።

2. ቀጥሎ የመጣው ዕቃ ነው? ሁኔታ ነው? ቦታ ነው?

ደብተሩን ለሦስት ክፈሉት።

ዕቃ ወይም ነገር ከተከተለ በእጅ የሚደርስ ነገር አለ ማለት ነው። ግን አማርኛው እንደ ዕቃው ይለያያል። «ጌት ኤ ጆብ» ሥራ ማግኘት ነው። «ጌት ብሬድ» ዳቦ መግዛት ወይም ማምጣት ነው። «ጌት ኤ ሌተር» ደብዳቤ ደረሰኝ ነው። «ሂ ጎት ዘ ዲቪ» ብትሉ («ጎት» የ«ጌት» ኃላፊ ጊዜ ነው) ዲቪ ደረሰው ነው እንጂ ዲቪ አገኘ አንልም። ስልክ ወይም በር ከሆነ፣ «ጌት ዘ ፎን» አንሣው፣ «ጌት ዘ ዶር» ክፈተው ወይም ያዝልኝ። ለዚህች አንዲት መስመር ነው እኔ ያን ማታ ጉድ የሆንኩት።

በሽታ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። በአማርኛ ጉንፋን እኛን ይይዘናል። በእንግሊዝኛ ሰውዬው ነው ጉንፋኑን የሚይዘው፤ «አይ ጎት ኤ ኮልድ»። አንድ ተማሪዬ ቃል በቃል ገልብጦ «ኤ ኮልድ ጎት ሚ» ብሎ አለቃውን ፈቃድ ጠየቀ። ፈቃዱን አገኘ፤ አለቃው ግን ጉንፋኑ ከየት ተደብቆ እንዳጠቃው ጠየቀው አሉ።

ሁለተኛው ክፍል ሁኔታ ነው። ቀጥሎ የመጣው «ሀንግሪ»፣ «ታየርድ»፣ «ኦልድ»፣ «ዳርክ» ዓይነት ቃል ከሆነ «ጌት» ለውጥን ነው የሚነግራችሁ። ካልነበረበት ወደ ሆነበት። «አይም ጌቲንግ ሀንግሪ» እየራበኝ ነው። «ኢትስ ጌቲንግ ዳርክ» እየመሸ ነው። «ሂ ጎት አንግሪ» ተናደደ። ልብ በሉ፣ አማርኛው እያንዳንዱን በአንድ ግስ ጨርሶታል። ራበኝ፣ መሸ፣ ተናደደ፣ አረጀ። እንግሊዝኛው ቅጽሉን ይዞ ቆሞ የሚገፋው ስለሚፈልግ «ጌት» ይመጣና ይገፋለታል።

እዚህ ላይ የምንሳሳተው አንድ ነገር አለ። «አይ አም ታየርድ» ደክሞኛል ነው። «አይ ጌት ታየርድ» ቶሎ ቶሎ ይደክመኛል፣ ልማዴ ነው ማለት ነው። ሐኪም ፊት ስትቀርቡ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ሐኪሙ በሁለተኛው ብዙ ጥያቄ ይጠይቃችኋል።

ሦስተኛው ቦታ ነው። መድረስ ነው፣ አለቀ። «ዌን ዲድ ዩ ጌት ሂር?» መቼ ደረስክ? «ጌት ቱ ዘ ኤርፖርት» ኤርፖርት መድረስ። «ቱ» የምትለዋን ግን ተጠንቀቁ። ከ«ሆም»፣ ከ«ሂር» እና ከ«ዜር» በፊት አትገባም። «አይ ጎት ሆም» ይበቃል። «ጎት ቱ ሆም» ካላችሁ ሁሉም ይገባዋል፣ ሁሉም ግን አዲስ መሆናችሁን ያውቃል።

3. የአማርኛውን «ተ» እና «አስ» አውጡ

ይህን ክፍል ቀስ ብላችሁ አንብቡት። መጻሕፍቱ በፈረንጅ ሰዋስው ያወሳስቡታል። እኛ ግን መልሱን ከእናታችን ቋንቋ ይዘነው መጥተናል።

አማርኛ አንድን ግስ ይዞ ፊቱን ይለዋውጠዋል። ሠራ፣ ተሠራ፣ አሠራ። ቆረጠ፣ ተቆረጠ፣ አስቆረጠ። እንግሊዝኛ እንዲህ ያለ ቅጥያ የለውም። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ሥራውን ለ«ጌት» ይሰጠዋል።

በመጀመሪያ «ተ»። «ጌት» ከኋላው የግሱን ሦስተኛ መልክ («ጎ፣ ዌንት፣ ጎን» ስንል ሦስተኛውን) ሲያስከትል በአብዛኛው የእኛ «ተ» ናት። «ሂ ጎት ፋየርድ» ከሥራ ተባረረ። «አይ ጎት ፔይድ» ተከፈለኝ። «ዜይ ጎት ማሪድ» ተጋቡ። «ጎት ኢንቫይትድ» ተጋበዘ። እዚህ ላይ የጋብቻዋ ስህተት ትመጣለች። በአማርኛ ሰው ከሰው ጋር ነው የሚጋባው። ስለዚህ «ሺ ጎት ማሪድ ዊዝ ሂም» እንላለን። በእንግሊዝኛ ግን «ማሪድ ቱ» ነው። «ዊዝ»ን ተዉት።

ቀጥሎ «አ» እና «አስ»። እዚህ ሁለት መንገድ አለ።

ሰውዬውን ካነሣችሁ ሰውዬው ቀድሞ ይመጣል፣ ከዚያ «ቱ»፣ ከዚያ ግሱ። «አይ ጎት ማይ ብራዘር ቱ ፔይንት ዘ ሀውስ»፤ ወንድሜን ቤቱን አስቀባሁት። ትንሽ የመለማመጥ ወይም የማሳመን ጠረን አለበት። ለምናችሁታል ወይም አሳምናችሁታል። «ሜድ ማይ ብራዘር» ብትሉ ግን አስገድዳችሁታል።

ሰውዬው ማንም ይሁን፣ ዋናው ሥራው ከሆነ ደግሞ ዕቃው ቀድሞ ይመጣና የግሱ ሦስተኛ መልክ ይከተላል። «አይ ጎት ማይ ካር ፊክስድ»፤ መኪናዬን አሠራሁ። «አይ ጎት ማይ ሄር ከት»፤ ፀጉሬን ተቆረጥኩ።

የኛ ሰው ምን ይላል? «አይ ከት ማይ ሄር» ይላል። ይህን የሰማ አሜሪካዊ መስታወት ፊት ቆማችሁ መቀስ ይዛችሁ ነው የሚታየው። «አይ ፊክስድ ማይ ካር» ካላችሁት ደግሞ የእጅ ባለሙያ ናችሁ ብሎ የራሱን መኪና ይዞላችሁ ይመጣል። አንድ ጎረቤቴ በዚህ ምክንያት አንድ ሙሉ እሑድ የሰው መኪና ኮፈን ከፍቶ ሲያፈጥ ዋለ። አልችልም ማለት ከብዶት!

ስለዚህ ሕጉ ይህ ነው። በአማርኛ ስታስቡት «አሠራሁ»፣ «አሳጠብኩ»፣ «አስጠገንኩ» ከመጣላችሁ እንግሊዝኛው «ጌት» ይፈልጋል። «ሠራሁ» ከመጣላችሁ አይፈልግም። ጨርሻለሁ።

አልጨረስኩም። አንዲት ወጥመድ ቀርታለች። ሌባ ሲያጋጥመን «ተሰረቅኩ» እንላለን። ይህን ቀጥታ ወስደን «አይ ጎት ስቶለን» እንላለን። እንግሊዝኛው «እኔን ራሴን ሰርቀው ወሰዱኝ» ሆነ። ፖሊስ ይህን ሲሰማ ቆመህ እያወራህ ነው ብሎ ይገረማል። ሰው ሲዘረፍ «አይ ጎት ሮብድ» ነው። የሚሰረቀው ዕቃው ነው፤ «አይ ጎት ማይ ፎን ስቶለን»። አያችሁ፣ ይቺ ደግሞ «ስልኬ ተሰረቀብኝ» ናት። «ብኝ»ን እንኳ «ጌት» ተሸክሟታል።

4. የታክሲ ሕግ

«ጌት» ትንንሽ ቃላትን አስከትሎ ሲመጣ ብዙ ሰው ተስፋ ይቆርጣል። ከትራንስፖርቱ ጀምሩ፤ በቀን ሁለቴ ስለምትሳፈሩ ሳታውቁት ትለምዱታላችሁ።

አዲስ አበባ ሚኒባስ ውስጥ «ወራጅ አለ!» ይባላል፤ የመኪናው ዓይነት አይጠየቅም። እንግሊዝኛ ግን ይጠይቃል። ጎንበስ ብላችሁ ገብታችሁ የምትቀመጡበት መኪና ከሆነ «ጌት ኢን» ትገባላችሁ፣ «ጌት አውት» ትወርዳላችሁ። ቆማችሁ ልትራመዱበት የምትችሉት ከሆነ፣ አውቶቡስ፣ ባቡር፣ አውሮፕላን፣ «ጌት ኦን» እና «ጌት ኦፍ» ነው። ላዩ ላይ ወጥታችሁ የምትቀመጡበትም፣ ፈረስና ብስክሌት፣ ከ«ኦን» ወገን ነው። ላዳ «ኢን»፣ ባቡር «ኦን»። ይኸው ነው።

«ጌት ኦፍ» ከአውቶቡስ ወርዶ ሥራም ውስጥ ይገባል። «ዋት ታይም ዱ ዩ ጌት ኦፍ?» ያላችሁ ሰው «ስንት ሰዓት ትወጣላችሁ?» ማለቱ ነው። በአማርኛ ከሥራ መውጣት ለዕለቱም ለዘለቄታውም ሊሆን ይችላል፤ «ጌት ኦፍ» ግን የዕለቱን ሥራ መጨረስ ብቻ ነው።

5. እነዚህን በጅምላ ያዙ

አንዳንዶቹን መበተን አያዋጣም። እንደ ተረት እንደ ፈሊጥ ከነአማርኛቸው ዋጧቸው። እኔ አማርኛቸው በጣም የሚገጥሙትን ብቻ ልምረጥ።

«ጌት ባይ»፤ ኑሮን መግፋት። «ሃው አር ዩ?» ሲሏችሁ «ጌቲንግ ባይ» ካላችሁ «እየገፋን ነው» ብላችኋል። «ጌት ሪድ ኦቭ»፤ መገላገል። አሮጌ ፍራሽም ይሁን አስቸጋሪ ተከራይ፣ «ተገላገልኩት» ነው። «ጌት አሎንግ»፤ መስማማት። «ጌት ዩዝድ ቱ»፤ መልመድ። ብርዱን ለምናማርር ሁሉ «ዩል ጌት ዩዝድ ቱ ኢት» ይሉናል፤ ትለምደዋለህ። (አልለመድኩትም።) «ጌት ኦቨር ኢት»፤ እርሳው፣ ይለፍልህ። ለሐዘንተኛ አትበሉት፣ ጭካኔ ነው።

«ጌት ሎስት» ደስ የምትል ናት። «አይ ጎት ሎስት» መንገድ ጠፋብኝ። «ጌት ሎስት!» ጥፋ ከፊቴ! ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይነጋገሩ አንድ ቦታ ተገናኝተዋል። «ጌት አውት ኦቭ ሂር!» ደግሞ ሁለት ፊት አላት። ፊቱ ከጠቆረ ውጣልኝ ማለት ነው። ዓይኑ ፈጦ እየሳቀ ከሆነ «ሂድ ባክህ!» ነው፣ አላምንም ማለት። አንዲት ልጅ ፈተና ማለፏን ለጓደኛዋ ስትነግራት ጓደኛዋ ይህን አለቻት። ልጅቷ ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች።

«ዊል ጌት ባክ ቱ ዩ»ን ለብቻው ላውራው። ለሥራ ቃለ መጠይቅ ሄዳችሁ ስትጨርሱ ይሉታል። ትርጉሙ «መልስ እንሰጥሃለን» ነው። እኔ ይህን ሰምቼ ሦስት ሳምንት ስልኬን ትራስ ሥር አድርጌ ተኝቻለሁ። በሥራ ላይ ያለው ትርጉም ከእኛ «እንደውላለን» ጋር እኩል ነው። ሊደውሉ ይችላሉ። ሌላ ሥራ መፈለጉን ግን አታቁሙ።

ካፌ ስትገቡ «ዋት ካን አይ ጌት ዩ?» ይላችኋል። ይህ «ምን ልታዘዝ?» ነው። እናንተም «ካን አይ ጌት ኤ ኮፊ?» ብትሉ በአሜሪካ ማንም ቅር አይለውም። እንግሊዝ አገር ግን በዕድሜ የገፋ ሰው ፊት «ካን አይ ሃቭ» ማለቱ ይሻላል፤ «ጌት»ን የአሜሪካ ሰው ነገር አድርገው የሚያዩ አሉ። ሂሳብ ሲመጣ አንዱ ወረቀቱን ቀድሞ ይዞ «አይ ጎት ዚስ» ካለ፣ በእኔ ነው ማለቱ ነው። እዚህ ላይ የእኛ ሰው መዝገበ ቃላት አያስፈልገውም። ቋንቋውን ሳይሰማም እጁን ቦርሳው ውስጥ ከትቶ «በእግዜር!» ማለት ይጀምራል።

6. ጆሯችሁን አስተካክሉ

እስካሁን ያየነውን ሁሉ በወረቀት ታውቁና ሰው ሲናገር ላይሰማችሁ ይችላል። ምክንያቱ አለ። አሜሪካኖች በሁለት አናባቢ መካከል የገባችን «ት» አይጠሩዋትም። ምላስ ጣራ ነክታ ትመለሳለች። ያቺ ድምፅ ለእኛ አዲስ አይደለችም፤ ሳትጠብቅ የምትነገረው የእኛ «ር» በጣም ትቀርባታለች። ስለዚህ «ጌት ኢት» ብላችሁ አትጠብቁ፣ «ጌሪት» ነው የምትሰሙት። «ጌት አውት» «ጌራውት» ይሆናል። «ጎት ኢት» ደግሞ «ጋሪት» ይመስላል። አንድ ጊዜ «ር» አድርጋችሁ ከሰማችሁት ከዚያ በኋላ በየቦታው ትሰሙታላችሁ። ለመናገርም ይቀላል። «ጋሪት» በሉ፣ ገባኝ ማለት ነው።

«ጎትን» የምትል መልክ ደግሞ አሜሪካ ትሰማላችሁ። እንግሊዞቹ በአብዛኛው ትተዋታል። «አይቭ ጎት ኤ ካር» መኪና አለኝ። «አይቭ ጎትን ኤ ካር» መኪና ገዝቻለሁ፣ አግኝቻለሁ። «ጋራ» ብለው የሚያጣድፏት ግዴታ ናት፤ «አይ ጋራ ጎ»፣ መሄድ አለብኝ። መጻፍ ላይ ግን አትጠቀሙባት።

7. የት አትጠቀሙበት?

ለቢሮ ደብዳቤ፣ ለትምህርት ቤት ማመልከቻ፣ ለአይልትስ የጽሑፍ ፈተና «ጌት»ን ቀንሱ። ስህተት ስለሆነ ሳይሆን የቤት ልብስ ስለሆነ ነው። «አይ ጎት ዩር ሌተር» በሚለው ፈንታ «አይ ሃቭ ሪሲቭድ ዩር ሌተር» ጻፉ። ለሁኔታ «ቢካም»፣ ለመድረስ «አራይቭ»፣ ለማግኘት «ኦብቴይን» አለላችሁ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ቀድማችሁ እንደሚመጣላችሁ ጻፉ፣ ከዚያ «ጌት»ን ሁሉ አስምሩበት፣ ግማሹን ለውጡ።

ተገላቢጦሹም ግን አለ። ቤታችሁ ገብታችሁ «አይ ሃቭ ኦብቴይንድ ብሬድ» ብትሉ ልጆቻችሁ ይስቁባችኋል። ዳቦውን በደረሰኝ የተረከባችሁ ይመስላል።

ለታሪክ ወዳጆች አንድ ነገር ልጨምር። «ጌት» የጥንት እንግሊዝኛ ቤተኛ አይደለም። በመርከብ መጥተው ሰሜን እንግሊዝ የሰፈሩት ኖርሶች (የስካንዲኔቪያ ሰዎች) ናቸው ያመጡት። በእነሱ አፍ ቃሉ «ጌታ» ይባል ነበር። ከእኛው ጌታ ጋር ዝምድና የለውም፤ ግን በፊደላችን ሲጻፍ ቁርጥ እሱኑ ነው። መርሳት የሚለው «ፎርጌት»ም ከዚሁ ሥር ነው፤ ይዘውት የነበረ ከእጅ ሲወጣ እንደማለት።

8. ልምምድ

ደብተሩን ዝጉና ይህን ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ስድስት «ጌት» አለበት፣ አንዳንዱ በኃላፊ ጊዜ መጥቷል። ለእያንዳንዱ ቀኝ ቀኙን እያያችሁ አማርኛውን ጻፉ።

«አይ ጎት ኦፍ ወርክ ሌት። ኢት ዋዝ ጌቲንግ ዳርክ። አይ ጎት ኦን ዘ ሮንግ ባስ ኤንድ ጎት ሎስት። ዌን አይ ጎት ሆም፣ ማይ ዋይፍ ሃድ ጎትን ዘ ቲቪ ፊክስድ።»

የእኔ ይኸውላችሁ። ከሥራ አምሽቼ ወጣሁ። እየጨለመ ነበር። የማይሆን አውቶቡስ ተሳፍሬ መንገድ ጠፋብኝ። ቤት ስደርስ ባለቤቴ ቴሌቪዥኑን አሠርታ ጠበቀችኝ።

የእናንተ ላይ «አገኘሁ» የሚል ካለ ወደ ተራ ቁጥር 1 ተመለሱ። «ባለቤቴ ቴሌቪዥኑን ሠርታ» ያላችሁ ደግሞ ተራ ቁጥር 3ን ድገሙት፤ ባለቤታችሁ ቴክኒሺያን ካልሆነች በስተቀር።